ሊዱ ለምን ይሸሻል? ለቶርኖ እርሳስ ሜካኒዝም ስለ መምረጥ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስድስት እርሳስ በቶርኖ ሠርተሽ ለሰው ሰጥተሻል። በወር ውስጥ ሦስቱ ተመልሰውብሻል። ሲጽፉበት ሊዱ፣ ማለትም የሚጽፈው ቀጭን የግራፋይት ዘንግ፣ ወደ ውስጥ ይሸሻል ብለዋል። አንቺም «የቱን ሜካኒዝም ብገዛ አስተማማኝ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። መልሴ ትንሽ ይረዝማል። የቱን ግዢ ብዬ ብቻ ባልፍ ግን ሰባተኛውም ይመለስብሻል ብዬ እፈራለሁ።

መጀመሪያ ሜካኒዝሙ፣ ማለትም ሊዱን የሚይዘውና የሚገፋው የውስጥ ክፍል፣ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ይህን ካወቅሽ ጥፋቱን ራስሽ ታገኚዋለሽ። በሚጫን እርሳስ ውስጥ ሊዱን የሚይዙት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው መቆንጠጫው ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት መንጋጋ አለው። ጥሩው ከናስ ነው የሚሠራው። በላዩ ትንሽ ቀለበት ተጠልቆ መንጋጋዎቹን ጨብጦ ይይዛል። ሁለተኛው ጫፉ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ጎማ ናት። ከላይ ስትጫኚ መቆንጠጫው ሊዱን ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል። ቀለበቱ መንገድ ላይ ይገታል፤ ያኔ መንጋጋዎቹ ይከፈታሉ። ስትለቂ ሞላው መቆንጠጫውን ወደ ኋላ ይስበዋል። በዚያች ቅጽበት ሊዱን ተመልሶ እንዳይገባ ይዛ የምታስቀረው ጎማዋ ናት። ከዚያ ቀለበቱ እንደገና ይጨብጣል።

እንግዲህ «ሊዱ ይሸሻል» የሚለው አንድ ስሞታ አራት የተለያየ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ ስትጫኚው ሊዱ ተንሸራቶ ከወደቀ፣ ወይም በተጫንሽ ቁጥር ወጥቶ መልሶ ከገባ፣ ጎማዋ አልቃለች ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረችም። ስትጽፊ ብቻ ቀስ እያለ ከገባ መቆንጠጫው ነው። ወይ መንጋጋው ከፕላስቲክ ነው፣ ወይ የግራፋይት ዱቄት ሞልቶታል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ሊዱ በደንብ ተይዟል፣ ሜካኒዝሙ ግን ራሱ እንጨቱ ውስጥ ወደ ኋላ ይገፋል። ማረፊያው ላይ፣ እንጨቱ ውስጥ ተደግፎ በሚቆምበት ቦታ፣ በደንብ ስላልተቀመጠ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጫወታል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ከመንሸራተት አይለይም። አራተኛው ጨርሶ ጥፋት አይደለም። ሊዱ አልቆ ከመቆንጠጫው እስከ ጫፉ ካለው ርቀት ሲያጥር የሚይዘው ጎማዋ ብቻ ይሆናል። ያኔ ይዞራል፣ ይገባል። ይህች ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ናት። አውጥቶ መጣል ነው። ለሰው ስትሰጪ ይህን ብትነግሪ ከሚመለሱብሽ እርሳሶች አንዳንዶቹ ባልተመለሱ ነበር።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ የወይራ እርሳስ ነው። በጣም የምወዳት መምህሬ ጡረታ ስትወጣ የሠራሁላት ነበር። እንጨቱን ስመርጥ፣ ሳደርቅ፣ ስቀርጽና ሳለሰልስ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። ሜካኒዝሙን ግን ከአንድ ርካሽ ስብስብ (የእርሳስ ክፍሎች በአንድ ላይ ከሚሸጡበት) ውስጥ አንስቼ ነው የከተትኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ «ልጄ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን አይጽፍም» አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስፈታው መንጋጋው ፕላስቲክ ነበር፤ አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። መለወጥ እንዳልችል ደግሞ ራሴው በሱፐር ግሉ አጣብቄዋለሁ። ወይራውን ሰብሬ ነው ያወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምጀምረው ከሜካኒዝሙ ነው። እንጨቱ በልኩ ይሠራል።

የቱን ልግዛ ላልሽው፣ በግልጽ የምመክርሽ በሱቅ ከሚሸጥ ጥሩ እርሳስ ውስጥ የወጣ ሜካኒዝም ነው። ከእኔ እጅ ያልጠፋው የፔንቴል ፒ 200 ተከታታይ ነው። ፒ 205 ባለ 0.5 ሚሊ ሜትር ሊድ፣ ፒ 207 ባለ 0.7፣ ፒ 209 ባለ 0.9 ናቸው። የፊቱ ብረት ጫፍ ተፈትቶ ውስጡ እንዳለ ይወጣል። መቆንጠጫው ናስ ነው። ቀጭንና ቀላል ስለሆነ ቀጭን እርሳስም መሥራት ትችያለሽ። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ለረጅም ዓመት ሳይለወጥ ሲመረት የኖረ ነው። ዛሬ የሠራሽው እርሳስ ከዓመታት በኋላ ቢበላሽ ሌላ ገዝተሽ ታስገቢያለሽ። በእጅ ለተሠራ ዕቃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንጨቱ ከሜካኒዝሙ በላይ ዕድሜ አለውና።

ሁለተኛው መንገድ ለሠሪዎች ተብሎ ለብቻው የሚሸጥ ሜካኒዝም ነው። የጀርመኑ ሽሚት በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ልኩ ከአንዱ አንዱ አይለይም። ስትገዢ ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። የሚሠራው በመጫን ነው ወይስ በማዞር? አንዳንዱ ሜካኒዝም ራሱ የሚጫን ሆኖ የእርሳሱን ላይኛ ክፍል በማዞር እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ለመጫኛው ቦታ ያላዘጋጀሽለት እንጨት ውስጥ ከገባ አይሠራም።

በስብስብ የሚሸጡትን፣ 7 ሚሊ ሜትር የናስ ቱቦ ያላቸውን፣ ሁሉንም መጥፎ ናቸው አልልም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። አንድ ዓይነት ከመሰለሽ ስብስብ ሁለት ገዝተሽ ውስጡ ሁለት የተለያየ ነገር ልታገኚ ትችያለሽ። ስለዚህ ሃያ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ግዢና ፍቺው። መንጋጋው ናስ ነው? ጫፉ ተፈትቶ ይወጣል? ጎማዋ አለች? ሦስቱንም አዎ ካላልሽ ለስጦታ አትጠቀሚበት።

የሊዱን ውፍረት በተመለከተ፣ ለሰው የሚሰጥ ከሆነ 0.7 ወይም 0.9 አድርጊው። 0.5 ለሥዕልና ለንድፍ ሰዎች ድንቅ ነው፣ እጁ የሚከብድ ሰው ግን ይሰብረዋል። ከእንጨት የተቀረጸ እርሳስ ደግሞ ወፈር ስለሚል ሰው ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል። በነገራችን ላይ 0.5 የሚባለው ሊድ በካሊፐር ስትለኪው ወደ 0.56 ይጠጋል። በቁጥሩ ተማምነሽ የጫፉን ቀዳዳ በ0.5 ሽቦ እንዳትሞክሪ። አናጺ ለሆነ ሰው ከሠራሽ ባለ 2 ሚሊ ሜትሩን አስቢበት። እርሱ ሊዱን በልኩ አይገፋም፤ ስትጫኚ መንጋጋው ይከፈታል፣ ሊዱ በራሱ ይወርዳል፣ ስትለቂ ይጨብጠዋል። ጎማ የለው፣ ብዙ ጥቃቅን ክፍል የለው። የሚበላሽ ነገሩ ትንሽ ነው። ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ሊድ የሚገባበት ወፍራም መያዣም በዚያው መንገድ ይሠራል፤ በቶርኖ ለመሥራትም ቀላሉ እርሱ ነው።

በማዞር ብቻ የሚሠራው የድሮ ዓይነትም አለ። ሊዱን ከኋላ በዘንግ ይገፋዋል። መቆንጠጫ ስለሌለው አይንሸራተትም፣ ግን አንዴ የሚወስደው አንድ ሊድ ነው። ሲሰበር ደግሞ ውስጥ የቀረችውን ማውጣት ያስመርራል። ለራሴ እወደዋለሁ፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ሜካኒዝም እጄ ሲገባ እንጨት ከመንካቴ በፊት እፈትነዋለሁ። ጥሩ ሊድ አስገብቼ አሥር ጊዜ እጫናለሁ፣ የወጣውን በካሊፐር እለካለሁ። ይህን ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ሦስቱ ልኮች ከተቀራረቡ አልፏል። አንዱ ከሌላው በጣም ከራቀ መንጋጋው አንዴ እየያዘ አንዴ እየለቀቀ ነው። ቀጥሎ ሊዱን በጣም አሳጥሬ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አውጥቼ፣ የማዕድ ቤት ሚዛን ላይ ቀጥ አድርጌ እጫነዋለሁ። ቀስ በቀስ ኃይል እጨምራለሁ። ሊዱ ከተሰበረ ደስ ይለኛል። መቆንጠጫው ከሊዱ ጠንክሯል ማለት ነው። ሳይሰበር ወደ ውስጥ ከገባ ያ ሜካኒዝም ወደ ሣጥን ይመለሳል። ሚዛኑ የሚጠቅመው ሁለት ሜካኒዝም ለማወዳደር ነው፤ አንዱ በስንት ግራም እንደሸሸ ትጽፊያለሽ።

ሜካኒዝሙ አልፎ እንኳ አገጣጠሙ ሊገድለው ይችላል። ከተመለሱብሽ ሦስቱ ቢያንስ የአንዱ ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይቀንሳል። ያውም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ክብ አድርገሽ የበሳሽው ቀዳዳ ከጊዜ በኋላ ሞላላ ይሆናል። ሜካኒዝሙ ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ከገባ እንጨቱ ሲያብጥ ጨምቆ ይይዘዋል። መጫኛው ይከብዳል፣ ወይም ተጭኖ አይመለስም። ስለዚህ ቀዳዳውን የናስ ቱቦ አልብሺው፣ በሜካኒዝሙና በቱቦው መካከልም 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዪ። ሜካኒዝሙን አጥብቆ የሚይዘው የፊቱ የብሎን ጥርስና ማረፊያው ብቻ ይሁን። ጥርሱን በቀጥታ እንጨት ላይ አታውጪ፤ ጥቂት ጊዜ ሲፈታና ሲጠብቅ ይፈረፈራል። ትንሽ የናስ ቀለበት ጥርስ አውጥተሽ በኢፖክሲ እንጨቱ ውስጥ ቅበሪ።

ቱቦውን ስታጣብቂ ሁለቱንም አፉን በሰም ድፈኚ። ኮላ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ሜካኒዝሙ መንገዱን ያጣል። ከደረቀ በኋላ ሰሙን አውጥተሽ ውስጡን በትክክለኛው መብሻ በእጅሽ እያዞርሽ ጥረጊው። የእንጨቱን ጫፍ ስታስተካክዪም ቱቦው ላይ ስትደርሺ አቁሚ። ቱቦውን ብትቆርጪ ልኩ ይዛባል፤ መጫኛው በትክክል ላይሠራ ይችላል።

ሜካኒዝሙን ራሱን ግን በፍጹም አታጣብቂ። በሞርሳ ተገፍቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ግፊው፣ በየመሃሉ እያወጣሽ ጫኚና እዪ።

የተመለሱትን ሦስቱን አትጣያቸው። ጫፋቸውን ፈትተሽ ሊዱን አውጪ፣ መንጋጋውን በማይጭር ቀጭን ብሩሽ ከግራፋይት ዱቄት አጽጂ። ከዚያ ሜካኒዝሙን በጣትሽ ይዘሽ ወደ ኋላ ግፊው። ከተንቀሳቀሰ ማረፊያው ላይ ቀጭን የናስ ቀለበት መጨመር ይበቃል። ካልተንቀሳቀሰ የሚዛኑን ፈተና ሥሪበትና በስንት ግራም እንደሸሸ እዚሁ ጻፊልኝ። የቱቦውን የውስጥ ልክም አብረሽ ጨምሪ፤ የፒ 207 ውስጥ ይገባበት እንደሆነ አብረን እናየዋለን።