የኦ-ክፍል መምህርት የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ ከየት ይነሣል?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኦ-ክፍል፣ ማለትም ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ለአንድ ዓመት የሚማሩበት ክፍል፣ መምህርት ነኝ። የሠለጠንሁት ለአንደኛ ደረጃ ሲሆን፣ ወደ ኦ-ክፍል የተመደብሁት ያለ ተጨማሪ ሥልጠና ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ የግል የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ዕቅድ እንድናቀርብ እንጠየቃለን፤ የትምህርት ቤቱ የጋራ ዕቅድ ግን የሚያተኩረው በትልልቆቹ ክፍሎች የፈተና ውጤት ላይ ስለሆነ ለእኔ ክፍል የሚሆን ነገር አላገኝበትም። ለሕፃናቱም ለእኔም የሚጠቅም ግብ እንዴት ላውጣ?
አንዲት መምህርት፣ ከደቡብ ወሎ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍን በጋራ ካወጡ ወዲህ ኦ-ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተስፋፍቷል፤ መምህራኑን የማሠልጠኑ ሥራ ግን በዚያው ፍጥነት አልተራመደም። ስለዚህ ያለ ሥልጠና መመደብዎ የእርስዎ ጉድለት አይደለም።

የተሙማ ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ እንዲያውል ይጠይቃል፤ ሂደቱም ፍላጎትን ከመተንተን ተነሥቶ ወደ ማቀድ፣ ወደ መተግበርና ወደ መገምገም ይሄዳል። በጥድፊያ የሚታለፈው አብዛኛውን ጊዜ ትንተናው ነው። በእኔ እምነት የኦ-ክፍል መምህርት ፍላጎቷን የምታገኘው ሕፃናቱን በመመልከት ነው። ዕቅዱን ከመጻፍዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በነፃ ጨዋታ ሰዓት በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት ልጆችን ለጥቂት ደቂቃዎች እየተከታተሉ፣ ያሉትንና ያደረጉትን ያለ ምንም ፍርድ በደብተር ይመዝግቡ። አንድ ባልደረባዎም እርስዎ ሲያስተምሩ ተቀምጦ፣ የሚያቀርቧቸውን ጥያቄዎችና ልጆቹ የሚሰጡትን መልስ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

ከማስታወሻው ልጆቹ በኅብረት ድምፅ ከመመለስ በቀር ለብቻቸው የማይናገሩ ሆነው ቢያገኙ፣ ግብዎ እዚያው አለ። «የማስተማር ክህሎቴን አሳድጋለሁ» የሚል ዕቅድ መፈጸሙን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። «እስከ ጥር መጨረሻ ተረት በነገርሁ ቁጥር ‹ለምን?› እና ‹ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?› ብዬ እጠይቃለሁ፤ እያንዳንዱ ልጅም በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ለብቻው በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ዕድል እሰጣለሁ» የሚለው ግን የእርስዎን ለውጥም የልጆቹንም ለውጥ ያሳያል። ይህን ምሳሌ የመረጥሁት በምክንያት ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚዳብረው የንግግር ችሎታ በኋላ ለሚመጣው ንባብ መሠረቱ ነው። ለዚህም ተረትና እንቆቅልሽን የመሰለ፣ ገንዘብ የማይጠይቅና ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁት መሣሪያ በእጅዎ ነው። ልጄ ደብተር ሙሉ ፊደል ጽፎ ካልመጣ አልተማረም የሚሉ ወላጆችም ብዙ ስለሆኑ፣ የሚያደርጉትን ለምን እንደሚያደርጉት ለእነርሱ ማስረዳትን በዕቅድዎ ውስጥ ያካትቱ። ይህም ራሱን የቻለ ሙያዊ ክህሎት ነው፤ ብዙዎቻችንም አልሠለጠንንበትም።

ለዓመቱ አንድ ግብ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። 60ው ሰዓት በዐውደ ጥናት ብቻ መሞላት የለበትም፤ የቅድመ መደበኛውን ሥርዓተ ትምህርትና የመምህር መምሪያ ማንበብ፣ በጉድኝት ማዕከልዎ (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች በተቧደኑበት ማዕከል) ውስጥ ያለ ሌላ ኦ-ክፍል ገብቶ መመልከት፣ ከባልደረባ ጋር መወያየት፣ ከአካባቢ ቁሳቁስ መርጃ መሣሪያ መሥራት ሁሉ ይገባበታል። ሥልጠናውን በሚመለከት ደግሞ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች የቅድመ መደበኛ ትምህርት መርሐ ግብር ስላለ፣ የክረምት ዕድልና የመግቢያ መስፈርቱን የወረዳዎን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ከዓመቱ ግብ ለይተው እንደ ረጅም ጊዜ ዕቅድ ይያዙት።

በማህደረ ተግባርዎ (የሥራዎን ማስረጃዎች በሚያሰባስቡበት ፋይል) ውስጥ የመጀመሪያውን የምልከታ ማስታወሻና ከወራት በኋላ ስለ እነዚያው ልጆች የጻፉትን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ርእሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ዕቅድዎ ከትምህርት ቤቱ የጋራ ዕቅድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቢጠይቁ፣ በትልልቆቹ ክፍሎች የሚፈለገው የንባብ ውጤት የሚጀምረው ከእርስዎ ክፍል መሆኑን በእነዚህ ማስታወሻዎች ማሳየት ይችላሉ።