መልስ፦ ከደብሩ ደን ጀምር
ሰላም መምህር። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችህ ሃይማኖትንና አካባቢ ጥበቃን በአንድ የሳይንስ ፕሮጀክት እንዴት ይሥሩ፣ ነገሩስ ስብከት እንዳይሆን ምን ላድርግ ብለሃል።

እኔ ብሆን ከደብር ደን እጀምር ነበር። በደቡብ ጎንደር ከእርሻና ከግጦሽ የተረፈው አገር በቀል ደን በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ነው። ለምን እዚያ ተረፈ? ይኸው ጥያቄ ተገኘ።

10 በ10 ሜትር የሆኑ ሁለት ቦታዎች በገመድ ለኩ፤ አንዱን ደኑ መሐል፣ ሌላውን ጠርዙ ላይ። ችግኞችን በየዓይነቱ ቁጠሩ። አፈር መዝናችሁ አድርቁና እንደገና መዝኑ፤ ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። ከብት የሚገባበት ጠርዝ ላይ ችግኙ ጥቂት ቢሆን አትገረም። የደን ተመራማሪዎቹ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር የድንጋይ አጥር ያሳጠሩት ለዚሁ ነው። አጥር ያለውና የሌለው ደን ካገኘህማ፣ ማወዳደር ነው!

የደብሩን አስተዳዳሪ አስቀድመህ አስፈቅድ። ቅጠል አይቀነጠስም፤ የወደቀውን ልቀሙ።

ሙስሊም ተማሪዎችም ይኖሩሃል። ነቢዩ ሙሐመድ በ1 ሙድ፣ ማለትም ከ1 ሊትር ባነሰ ውኃ፣ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ) ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ዛሬ ከቧንቧ ሲደረግ ስንት ሊትር ይፈሳል? ከማንቆርቆሪያስ? ይለኩና ግራፍ ይሥሩ። ቡድኖቹን ግን በሃይማኖት አትከፋፍል፣ ደባልቃቸው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ስለዚህ ማርክ የምትሰጠው ለልኬቱና ለማስረጃው ብቻ ይሁን፤ ማን ምን ያምናል የሚለው አይመለከትህም።