ምንም ያልታየበትን ሰዓት መዝግቡ

የዱር አእዋፍንና አጥቢ እንስሳትን ባሕርይ በመስክ ለማጥናት ለተነሳችሁ ወጣቶች፤

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ስቆይ ወጣቶች ደጋግመው የጠየቁኝ ስለ መሣሪያ ነው፤ የትኛው ባይኖኩላር ይሻላል፣ የትኛው ካሜራ በሌሊት ጥሩ ያነሳል፣ የአንገት ማሠሪያ ጂፒኤስ ባትሪው ስንት ወር ይቆያል የሚል ነው። መሣሪያውን ማንም ያስተምራችኋል። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ዓይናችሁ ነው፤ ዓይን የሚያዳላ ምስክር ነውና።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር። በተማሪነቴ ዘመን አንድ የጦጣ መንጋ ሦስት ወር ተከታትዬ ነበር። ጠብ ባየሁ ቁጥር ማን ማንን እንዳባረረ፣ ማን ማንን እንደነከሰ በጥንቃቄ እጽፍ ስለነበር፣ ሥራው ሲያልቅ አንድ ግዙፍ ወንድ ከሁሉም ይልቅ ጠበኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። ደብተሬን ያገላበጡት መምህሬ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይህ ወንድ በጠቅላላው ስንት ደቂቃ ከዓይንህ ሥር ነበር? ከዳር የምትቀመጠው ትንሿ ሴትስ?» መልስ አልነበረኝም። ወንዱ ትልቅ ነው፣ ገላጣ ቦታ ይቀመጣል፣ ሲጮኽም ከሩቅ ይሰማል፤ ትንሿ ሴት ቅጠል ውስጥ ሆና ብትናከስ ማን አይቷት? የሦስት ወሩ መዝገብ የሚናገረው የእኔ ዓይን ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ነበር፣ ስለ ጦጣዎቹ የሚለው እምብዛም አልነበረውም።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልነበረ የተረዳሁት ኋላ ነው። በኬንያ አምቦሴሊ ዝንጀሮዎችን ሲያጠኑ የኖሩት ጂን አልትማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጽሑፍ የምልከታ ስልቶችን አንድ በአንድ ለይተው፣ ያገኙትን ሁሉ እንደመጣ መጻፍ የትኛውን ጥያቄ ሊመልስ እንደማይችል አሳይተዋል። መፍትሔው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ የምትከታተሉትን አንድ እንስሳ አስቀድማችሁ በዕጣ ምረጡ፣ ለምሳሌ ለዐሥር ደቂቃ እርሱን ብቻ ተመልከቱ፣ ከጎኑ የፈለገው ግርግር ቢነሳ ዓይናችሁን አታንሱ። ደብተሩ ታዲያ እንዲህ ያለ ይሆናል፤ 1፡10 ተቀምጣለች፤ 1፡11 ተቀምጣለች፤ 1፡12 ጆሮዋን አከከች፤ 1፡13 ከዓይን ተሰወረች። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን «ተሰወረች» የሚለው ቃል ከሌለ ያየናት ደቂቃ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፣ እርሱ ካልታወቀ ደግሞ ሁለት እንስሳትን ማነጻጸር አይቻልም።

በዚያው ደብተር ላይ «ተቆጣ»፣ «ፈራች»፣ «ቀና» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ ጥርሱን ገለጠ፣ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደ ብላችሁ ጻፉ። ቁጣ መሆኑ ከመሰላችሁ በዳር በኩል፣ ግምት መሆኑን ገልጻችሁ አስቀምጡት። እንስሳት ስሜት የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ከብዙ ባልደረቦቼ ይልቅ ለጋስ ነኝ። ሐሳባችሁን ነገ ብትቀይሩ ግን የታጠፈው ጆሮ በቦታው ይገኛል፣ «ተቆጣ» ከሚለው ቃል ውስጥ ግን ጆሮውን መልሳችሁ ልታወጡት አትችሉም።

ተራ የሚባለውን የመቁጠር ልማድ ለጥበቃ ሥራም የሚያበቃው ይኸው ትዕግሥት ነው። በሕንድ በኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ በ1980ዎቹ የጥንብ አንሳ ጎጆዎች ተቆጥረው ነበር። ያን ጊዜ ባለ ነጭ ጀርባው ጥንብ አንሳ በየሜዳው የሚታይ ወፍ ስለነበር ቆጠራው ለብዙ ሰው ትርፍ ሥራ ሳይመስል አልቀረም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወፎቹ እየሞቱ ጎጆዎቹ ባዶ ሲሆኑ የጥፋቱን ልክ ማወቅ የተቻለው የቀድሞው ቁጥር ስለነበረ ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ተላላፊ በሽታ ነበር። በ2004 በፓኪስታን የተካሄደ ጥናት ግን ለከብት የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት፣ በድኑን የሚበሉትን ወፎች ኩላሊት እንደሚያበላሽ አረጋገጠ፤ በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱን ለከብት ሕክምና እንዳይውል አገዱ። ያም ሆኖ በሕንድ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ የዚህ ዝርያ ቁጥር ከ99 በመቶ በላይ ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ብርቅዬውን ብቻ ለማጥናት አትሽቀዳደሙ፤ ዛሬ የሞላውንም ቁጠሩ።

ሌላው የምፈራላችሁ ነገር የእናንተው መገኘት ነው። አንድን ጎጆ ለማየት በየቀኑ በአንድ መንገድ እየሄዳችሁ ከጎጆው ደርሳችሁ ብትመለሱ፣ የረገጣችሁት ሣርና የተዋችሁት ጠረን ለአዳኝ እንስሳ ቀጥተኛ ምልክት ይሆናል፤ ጎጆውን አልፋችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ፣ እይታችሁን የከለለውንም ቅርንጫፍ አትቁረጡ፣ የከለለው ጎጆውን ነውና። ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እያንዳንዱን ወፍ ለይቶ ለማወቅ በ1890 ስታርሊንግ በተባሉ ወፎች እግር ላይ የዚንክ ቀለበት ሞክረው ወፎቹን ስለከበዳቸው ተዉት፤ በ1899 በቀላል አሉሚኒየም ቁጥር የተጻፈባቸውን ቀለበቶች ሠርተው ሲመለሱ ዛሬ የምንጠቀምበት ስልት ተጀመረ። ያ ጥንቃቄ ሁልጊዜ አልተከተለንም። በፔንግዊን ክንፍ ላይ የሚታሠረው የብረት ምልክት ለብዙ ዓመታት ጉዳት የለውም ሲባል ኖሮ፣ በ2011 የታተመ የዐሥር ዓመት ጥናት ምልክቱ የታሠረባቸው ንጉሥ ፔንግዊኖች ካልታሠረባቸው ይልቅ 39 በመቶ ያነሰ ጫጩት እንዳፈሩና በሕይወት የመቆየት ዕድላቸውም በ16 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ስለ ወፎቹ ሕይወት የተሰበሰበውን መረጃ ራሱ ምልክቱ አዛብቶት ነበር ማለት ነው። እንስሳውን ከመያዛችሁ በፊት ሳትይዙት ጥያቄያችሁን መመለስ ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል።

ደብተራችሁን ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚያነብበው አድርጋችሁ ያዙ፤ በእርሳስ ጻፉ፣ ቀለም በዝናብ ይፈሳልና፤ ምሽት ላይ ሳትተኙ ገልብጡት። በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው ሚድዌይ ደሴት የአእዋፍ ተመራማሪው ቻንድለር ሮቢንስ በ1956 አልባትሮስ በተባለች አንዲት የባሕር ወፍ እግር ላይ ቀለበት አሠሩ። በ2002 እኚሁ ሰው እዚያው ደሴት አንዲት ወፍ ያዙ፤ የቀለበቱ ቁጥር በመዝገብ ወደ ኋላ ሲፈተሽ ያቺው የ1956ቷ ሆና ተገኘች። ዛሬ ዊዝደም የሚል ስም ወጥቶላት በዕድሜዋ ብዛት በዓለም ሁሉ ትታወቃለች። በመካከል ባሉት ዓመታት ያረጀውን ቀለበት ሲቀይሩ አሮጌውን ቁጥር ከአዲሱ ጎን የጻፉት ሠራተኞች ስም ግን ሲነሳ አልሰማሁም፤ ከእነርሱ አንዱ አንዲት አሃዝ ቢሳሳት ኖሮ ያቺ ወፍ ዛሬም ዕድሜዋን ማንም የማያውቃት ተራ አልባትሮስ ነበረች።