ከጤና ኬላ እስከ ደሴ፦ ስለ ገጠር ሕክምና ጥያቄና መልስ

በደቡብ ወሎ ገጠር ወረዳዎች ተወልደን ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር አባላት፣ እንዲሁም በየወረዳው ያሉ ወገኖቻችን ያነሣናቸውን ጥያቄዎች ለረጅም ዘመን በአዋላጅ ነርስነት ያገለገሉትና አሁን የገጠር ጤና ጣቢያዎችን በሙያ የሚደግፉት ሲስተር መልሰውልናል። የአባላት አስተያየትም በየመሐሉ ገብቷል።

ሲስተር፦ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። እዚህ ሆኜ በሽታ አልመረምርም፤ መድኃኒትም አላዝም። አሁን የታመመ ሰው አጠገባችሁ ካለ ጥያቄ መጻፉን ትታችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከኩታበር፦ ሲስተር፣ የጤና ኬላ፣ የጤና ጣቢያና የሆስፒታል ልዩነት ለቤተሰቦቼ አልገባቸው ብሏል። እናቴ ለሁሉም ነገር «ደሴ ውሰዱኝ» ትላለች።

ሲስተር፦ በአሠራሩ መሠረት ጤና ኬላ በቀበሌ ደረጃ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል። የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ያህል የታሰበ ሲሆን በሥሩ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን ይደግፋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ ነው። ደሴ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የተዘጋጀው እነዚህ ሁሉ ያልቻሉትን ለመቀበል ነው። የእናትዎ ችግር የደም ግፊት ክትትል ከሆነ ጤና ጣቢያው ይለካላቸዋል፣ መድኃኒቱንም እዚያው ይወስዳሉ። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር የሪፈር (ወደ ሆስፒታል የመላኪያ) ወረቀት ሳትይዙ ወደ ደሴ አትምጡ።

ከደሴ ዙሪያ፦ ጤና ኬላችን በሄድን ቁጥር ዝግ ነው። ዝግ ከሆነ ምን ይሠራልናል?

ሲስተር፦ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ሲጀመር ሐሳቡ ባለሙያዋ ኬላ ውስጥ ተቀምጣ ታማሚ እንድትጠብቅ አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜዋን ቤት ለቤት እየዞረች ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ዕቅድና ስለ እርግዝና ክትትል እንድታስተምር ነበር። የሕፃናትን የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና ከባድ የምግብ እጥረት የማከሙ ሥራ በኋላ የተጨመረባት ነው። ሁለት ሴቶች ይህን ሁሉ እንዲሸከሙ ሲጠበቅ በሩ አንዳንድ ቀን መዘጋቱ አይገርምም። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚወጡበት ምክንያት የለም። አንዷ ስትዞር ሌላዋ ኬላው ላይ ትቆይ፤ ተራቸውም በር ላይ ይለጠፍ። ይህን መጠየቅ ያለበት የቀበሌው ነዋሪ ነው።

ከለጋምቦ፦ ሲስተር ለባለሙያዎቹ ያደላሉ። የእኛዋ የምትኖረው አቅስታ ከተማ ነው፤ ቀበሌው ውስጥ የምትታየው ዘመቻ ሲኖር ብቻ ነው።

ከወረኢሉ፦ ወንድሜ፣ እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ማደሪያ የሰጣት የለም፣ ኬላው ውሃም መብራትም የለውም፣ ከጤና ጋር ለማይገናኝ ስብሰባ ሁሉ ትጠራለች። እርስዎ ቢሆኑ እዚያ ያድሩ ነበር?

ከለጋምቦ፦ አላድርም ይሆናል። ልጁ በትኩሳት የሚቃጠልበት አባት ግን ይህን ሰምቶ ምን ያድርገው?

ሲስተር፦ ይህ ክርክር በየስብሰባው ተነሥቶ በየስብሰባው ያለ ውጤት የሚያልቅ ነው። ማደሪያ ቤት የሠራ ቀበሌ ባለሙያዋን ያቆያል፤ ያልሠራ ቀበሌ በየጊዜው አዲስ ሰው ሲቀበልና ሲሸኝ ይኖራል። ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ።

ከአልቡኮ፦ ባለቤቴ ስምንት ወሯ ነው። ከእኛ ጎጥ መኪና አይገባም፤ ክረምት ሲሆን ወንዙም ይሞላል። ምጥ ቢመጣ አምቡላንሱን የት ቆመን እንጠብቅ?

ሲስተር፦ ይህ የሙያዬ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። እናትን የሚገድሏትን መዘግየቶች በሦስት እንከፍላቸዋለን፦ ቤት ውስጥ ለመወሰን የሚጠፋው ጊዜ፣ መንገድ ላይ የሚጠፋው ጊዜ፣ ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ የሚጠፋው ጊዜ። ሰው ሁሉ የሚያማርረው ስለ ሁለተኛው ነው። በእጄ ካለፉት መካከል ብዙዎቹ ግን ገና ከቤት ሳይወጡ የዘገዩ ነበሩ፤ ባል ገበያ ወርዷል፣ አማት «እኔም እንዲሁ ነው የወለድኩት፣ ትንሽ ጠብቁ» ትላለች፣ ገንዘብ የሚያበድር ሰው ይፈለጋል፣ በዚህ መሐል ይመሻል። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ የምትደማ እናት ሕክምና ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከጎጣችሁ እስከ ጤና ጣቢያው በቃሬዛ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሴ አምቡላንስ የምትጠብቁበት ቦታ አይደለም። ምጥ ሳይመጣ ውጡ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው። የመውለጃ ቀኗ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ የክረምት ወራት ከሆነ ደግሞ ወንዙ መንገድ ሳይዘጋ፣ ባለቤትዎን እዚያ ያስገቧት። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ባለፈው ወሊዷ የደማች ወይም ብዙ ልጅ የወለደች እናት ከሆነች ግን ማቆያው ራሱ ሆስፒታል አጠገብ መሆን አለበት፤ ይህን በክትትል ጊዜ አዋላጇን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ መንቀጥቀጥ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ የቀን ቆጠራ የለም፣ ወዲያውኑ ይነሣል።

ምጡ ድንገት ቤት ከያዛት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ይሥራ። ሬሳ ለመሸከም ማን እንደሚጠራና ማን እንደሚቀር የሚያውቅ ቅሬ ለምጥም ተሸካሚ መመደብ አያቅተውም፤ ይህን ያደረጉ ቀበሌዎች አሉ። ተሸካሚዎቹ በቡድን ሆነው ትከሻ እየተቀያየሩ ይሂዱ፤ አንድ ፈጣን ልጅ ቀድሞ ሄዶ አምቡላንሱን መኪና የሚደርስበት ቦታ ላይ ያስቁም፤ እናቲቱ በጀርባዋ ሳይሆን በግራ ጎኗ ትተኛ፤ ልምድ ያላት ሴትም ከጎኗ አትለይ።

ሦስተኛውን መዘግየት ሰው ስለማያየው አይጠይቅም። ደም ለማቆም በመጀመሪያ የምንሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋና ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ብልቃጡ ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ውስጡ ግን ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። በጤና ጣቢያ ቦርድ ውስጥ የተመረጣችሁ ካላችሁ ማቀዝቀዣው ላይ የሚሰቀለውን የሙቀት መመዝገቢያ ወረቀት ጠይቃችሁ እዩት። ጠዋትና ማታ መሞላት ያለበት ወረቀት የወሩ ሁሉ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ሁልጊዜ «4 ዲግሪ» ተብሎ ተሞልቶ ካገኛችሁት ማን እንደሞላውና መቼ እንደሞላው ጠይቁ። ከቀለም ቅብና ከአጥር በፊት ይህ ይቀድማል።

ከቦረና፦ እናቴ ስምንት ልጆች እቤት ወልዳ ሁላችንም ደህና ነን። ነገሩ እየተጋነነ አይደለም?

ከኮምቦልቻ፦ የሞቱት እናቶች ልጆች እዚህ መጥተው «እናታችን እቤት ወልዳ ሞተች» ብለው ስለማይጽፉ ነው የሚመስልህ። የእኔ አክስት የሞተችው እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ነው።

ከቦረና፦ አላህ ይማራት፤ ያንን ማለቴ አልነበረም። ሴቶቹ ራሳቸው ጤና ጣቢያ ይፈራሉ፤ ወንድ አዋላጅ ይገጥማቸዋል፣ ቅዝቃዜው አለ፣ ቤተሰብም ወደ ውስጥ አይገባም ይባላል።

ሲስተር፦ ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው ይሻላል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ሴት አዋላጅ እንድትገባላት የመጠየቅ፣ የምትፈልገውን አንድ ሰው አጠገቧ የማቆየት፣ የማትፈልገውን አቀማመጥ እምቢ የማለት መብት አላት። ማርያም ማርያም የሚባልበትም ሆነ ዱዓ የሚደረግበት፣ ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ጤና ጣቢያ አለ፤ እንዲህ ያለው ጤና ጣቢያ የሚወልድበት አያጣም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በአገሪቱ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ደርሰዋል። ይህ የመጣው ሴቶቹን በመዝለፍ አይደለም። ስምንት ወልዶ መትረፍን በተመለከተ ግን፣ እናትዎ ዕድለኛ ናቸው፤ ዕድል ለሚቀጥለው ሰው አይተላለፍም።

ከደሴ፦ ስለ ገጠር ጤና በአጠቃላይ ምን ይላሉ?

ሲስተር፦ በአጠቃላይ ምንም አልልም። ስለ ምን እንደሆነ ይግለጹልኝ።

ከተንታ፦ ሕፃን ልጅ ሲያስል ጉንፋን ነው ወይስ የሳንባ ምች ነው የሚለውን ኬላ ሳንሄድ እንዴት እንለይ? ከባሕር ማዶ የመጣ የሳል ሽሮፕ ቤት አለን።

ሲስተር፦ ሽሮፑን ተዉት። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱን ከፍ አድርጋችሁ ደረቱንና ሆዱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ከሆነ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆነ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ የዚያኑ ቀን ወደ ኬላ ይወሰድ። ለዚህ የሚሆነው አሞክሳሲሊን እዚያ አለ። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ግን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። መድኃኒት በግምት አትግዙ፤ ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም አትስጡ።

ከቃሉ፦ ወባ ዘንድሮ በርትቶብናል። ኮአርተም ከመድኃኒት ቤት ገዝተን ብንጀምርስ?

ሲስተር፦ አይሆንም። መጀመሪያ ደም ይመርመር፤ ምርመራው ጤና ኬላ ላይ አለ። የታዘዘላችሁን የሦስት ቀን ኪኒን ትኩሳቱ ቢበርድም ጨርሱ። በግምት አትግዙ።

ከወረባቦ፦ ውሻ የነከሰው ልጅ ወደ ባህል ሐኪም ይወሰድ ይባላል።

ሲስተር፦ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ አይድንም።

ከተሁለደሬ፦ የጤና መድን ደብተር አለን፣ መዋጮውንም በየዓመቱ እናድሳለን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግን «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ» እንባላለን። ታዲያ ለምን እንከፍላለን?

ሲስተር፦ ወረዳችሁ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩን ከብዙዎቻችን ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። መዋጮው የሚከፈለው በቤተሰብ ነው፤ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይሸፍናል፤ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም። የመድኃኒት እጥረቱ ቅሬታ ትክክል ነው፤ እኔም አልሸፋፍነውም። «የለም» ስትባሉ ባዶ እጃችሁን አትውጡ፤ መድኃኒቱ አለመኖሩ በማዘዣው ላይ ይጻፍላችሁና ወደ ወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። በቃል የቀረበ አቤቱታ የትም አይደርስም።

ከጃማ፦ የማደሻው ጊዜስ? ሰብሳቢዎቹ የሚመጡት መኸር ሲገባ ነው። በልግ የሚያመርተው ደገኛ ደግሞ እጁ ላይ ብር የሚገባው በሰኔና በሐምሌ ነው።

ከተሁለደሬ፦ በጉን ይሽጣ። ለሠርግ ሲሆን ይሸጥ የለም?

ከጃማ፦ በጉማ አስቀድሞ ለማዳበሪያ ተሽጧል።

ሲስተር፦ የጃማው አባል ያነሣው ነገር ሊታሰብበት ይገባል። የክፍያ ወቅት የሚወሰነው የደጋውን ሰው ጎተራ ሳያዩ ከሆነ የመድኑ አባላት ቁጥር መቀነሱ አያስደንቅም። የሠርጉን ጉዳይ ግን እዚህ አታምጡብኝ።

ከአምባሰል፦ አባቴን በቀጥታ ደሴ ብወስደው አይሻልም?

ሲስተር፦ ይህን ከላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ። አደጋ፣ ከባድ ደም መፍሰስ፣ ራስን መሳት፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ወረቀት አትፈልጉ፤ በቀጥታ ውሰዱት። ከዚያ ውጪ ያለ ሪፈር ብትሄዱ መድኑ ሙሉውን ወጪ አይሸፍንላችሁም፤ ቀኑን ሙሉ ተሰልፋችሁም መጀመሪያውኑ ጤና ጣቢያው ሊሰጣችሁ ይችል የነበረውን ኪኒን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ከደሴ፦ በጥቅምትና በኅዳር 2014 በጦርነቱ ጊዜ የተዘረፉት ጤና ኬላዎች ንብረት ሁሉ ተተክቷል?

ሲስተር፦ ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት የዞኑ ጤና መምሪያ ነው።

ከአልቡኮ፦ ሲስተር፣ እሺ፣ ማቆያ እናስገባታለን። ምን ይዛ ትሂድ?

ሲስተር፦ ጥሩ። የእርግዝና ክትትል ካርዷን፣ የመድኑን ደብተር፣ ለሕፃኑ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ፣ ለራሷ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣና ሳሙና ትያዝ። ምግብ አንዳንዱ ማቆያ ያቀርባል፣ አንዳንዱ አያቀርብም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ በሶና ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ስንቅ አድርጉላት። ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን እንደሚይዝ አሁኑኑ ወስኑ፤ ብዙዎቹ እናቶች ከማቆያ ያለ ጊዜያቸው የሚመለሱት በእነሱ ምክንያት ነው። የአምቡላንሱን ሾፌር፣ የአዋላጇንና የቅሬውን ሹም ስልክ ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል።