ስለ መጠጥ ማቆሚያ ቡድናችን የጠየቃችሁኝ፦ ጥያቄና መልስ

መጠጥ ለማቆም የሚረዳዳ ቡድን አባል ነኝ። የምንሰበሰበው መሀል አዲስ አበባ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የጠያቂ ስም አልጽፍም፤ የኔም አይኖርም።

ፒያሳ አካባቢ ነኝ። ቡድን የት ላግኝ?

አድራሻችንን እዚህ አላወጣም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ በር የሚጠብቅ አይጠፋማ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ሄደህ ጠይቅ። አማኑኤል ሆስፒታል ከአንተ ሩቅ አይደለም። «የሱስ ሕክምና ፈልጌ ነው፤ የመረዳጃ ቡድን ካለም ጠቁሙኝ» በላቸው። እንግሊዝኛ የምትሰማ ከሆነ ደግሞ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ማንነታቸውን ሳይገልጡ መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ ሰዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር) ስብሰባዎች በዙም ሌት ተቀን አሉ። ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ባንክ ነው የምሠራው። የማውቀው ሰው ቢያጋጥመኝስ?

ሊያጋጥምህ ይችላል፤ አዲስ አበባ እኮ ናት። ግን እሱስ ምን ሊሠራ መጣ? የተባለው እዚያው ይቀራል፣ ደንባችን ነው። ደግሞ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ከግሮሰሪ ተደግፈህ ስትወጣ ያየህ ሰው ይበልጣል።

የመጀመሪያ ቀን ምን ይደረጋል? መናገር ግዴታ ነው?

አይደለም። ስትገባ ሻይ ይሰጥሃል። ለአዲስ ሰው ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምንቀዳው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥ እንዳይፈስበት። ማንም ስለዚህ ነገር አያነሳም። ከዚያ አጭር ነገር ይነበባል፣ ተራ በተራ ይወራል። ተራህ ሲደርስ «ዛሬ ልስማ» ካልክ ያልፍሃል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ አይመክርም። ለኛ ሰው ከባዱ ይሄ ነው፤ ምክር ሳንሰጥ መዋል መች እንችላለን!

ክፍያስ?

የለም። መጨረሻ ላይ ለሻይና ለክፍሉ መዋጮ ይዞራል። ያለው ይጥላል፣ የሌለው ያሳልፋል።

ዓቢይ ጾምን ሙሉ አልጠጣም። ታዲያ ሱሰኛ ልባል ነው? ደግሞ የምጠጣው ቢራ ብቻ ነው።

55 ቀን መተው መቻልህ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የፋሲካ ማግስት ነው። አንድ ቢራ ብለህ ተቀምጠህ ሲነጋ ለጨብሲ የምትነሳ ከሆነ፣ ጾሙ ሱስህን አስታገሰው እንጂ አልነቀለውም። ቢራ ብቻ ስላልከው፦ 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራና 40 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ አረቄ የያዙት አልኮል ተቀራራቢ ነው። ስንት ጠርሙስ እንደምትደረድር አንተ ታውቃለህ።

ሃይማኖት ነገር ነው? ጠበል ጀምሬያለሁ።

አይደለም። የምንከተለውን የአልኮሆሊክስ አኖኒመስን ሥርዓት በ1935 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የጀመሩት ሁለት ጠጪዎች ናቸው፤ አንዱ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ አንዱ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም። መጠጥ ለመተው የምንከተላቸው 12ቱ ደረጃዎች አምላክን ያነሳሉ፤ ግን «እኛ እንደተረዳነው» ይላሉ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ምንም የማያምነውም አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣል። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለመተው መፈለግ ብቻ ነው። ጠበልህን ቀጥል። የታዘዘልህን መድኃኒት ግን በጠበሉ ምክንያት እንዳታቋርጥ።

ጠዋት ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል። ነገ በቃኝ ብዬ ልቁረጠው?

ቆይ! ጠዋት አንድ መለኪያ ስትወስድ መንቀጥቀጡ የሚረጋ ከሆነ ሰውነትህ ለምዶታል። ብቻህን በአንድ ጊዜ እንዳታቆም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ሰዓታት ላብ፣ ማስመለስና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥልህ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ይቃዣል፣ ያተኩሰዋል። ቤተሰብ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ በር ይዘጋበታል። እንዲህ ያለው ሕመም ሰው ይገድላል። ሐኪም ቤት ግን እንደ ዲያዜፓም ባለ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ያልፋል። ከፋርማሲ ገዝተህ ራስህን ለማከም አትሞክር፤ ከአልኮል ጋር ሲደራረብ ትንፋሽ ያጥራል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ እኛ ጋ።

ባለቤቴ ነው የሚጠጣው። ጎትቼ ላምጣው?

እህቴ፣ ተጎትቶ የመጣ ሰው ጥግ ይዞ ሰዓቱን ነው የሚያየው። ባልጠጣበት ሰዓት አናግሪው። ለአለቃው ደውለሽ «አሞት ነው» ማለትሽንም ተዪ። ለቤተሰብ የተቋቋመ አል-አኖን የሚባል ሌላ ቡድን አለ፤ በኢንተርኔት ታገኚዋለሽ። እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ ግን የቡድን ቀን አትጠብቂ። ልጆችሽን ይዘሽ የምታምኚው ሰው ጋ ሂጂ።

ሰርግ ላይ «በሞቴ» ሲሉኝ ምን ልበል?

«መድኃኒት ላይ ነኝ» በል። እዚህ ሀገር መድኃኒት ይከበራል። ብርጭቆህ ባዶ እንዳይሆን ለስላሳ ያዝበት፤ ባዶ ካዩ ይቀዱልሃል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን ሰርጉ ቢቀርስ? ስጦታህን ላክ።

ለወራት ቆይቼ ሰሞኑን ጠጣሁ። በምን ፊቴ ልመለስ?

በዚያው ፊትህ ና። ስንቶቻችን ወጥተን ተመልሰናል! የት ጠፋህ ብሎ የሚቆጣህ የለም። ቀደም ብለህ ከመጣህ ግን ወንበር ትደረድራለህ።