ከማን፣ መቼ፣ በምን አኳኋን

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ቅርስ ስመዘግብ ነው። ዕቃ ይመጣል፤ እለካለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ ብዙም አላስብም ነበር። የፍሎረንሱ አልማዝ ነገር ግን መልሶ ቀሰቀሰኝ። እስቲ ላጫውታችሁ። (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።)

ድንጋዩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ክብደቱ 137 ካራት፣ ማለትም 27 ግራም ገደማ። መዳፍ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። በ17ኛው መቶ ዘመን የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን በሚገዙት በሜዲቺ ቤተሰብ እጅ ነበር። ታቨርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ እዚያ አይቶት ጽፎለታል። ከዚያ በፊት ስላለው ዘመኑ የሚወራው ግን ተረት ነው። የቡርጎኝ መስፍን ጦር ሜዳ ላይ ጣለው፣ አንድ ወታደር አንስቶ ብርጭቆ መስሎት በሳንቲም ሸጠው ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው። ወረቀት ግን የለውም።

በ1737 የመጨረሻው የሜዲቺ መስፍን ልጅ ሳይተካ ሞተ። ግዛቱ የኦስትሪያዋን ማሪያ ቴሬዛን ላገባው ለፍራንሲስ ተላለፈ። የሟቹ እህት አና ማሪያ ሉዊዛ ትባላለች። ይቺን ሴት ሳስብ ልቤ ይሞላል። ቤተሰቧ አልቋል፤ ወራሽ የላትም። ቁጭ ብላ ከአዲሱ ገዥ ጋር ውል ተዋዋለች። ሥዕሉም፣ ሐውልቱም፣ መጽሐፉም፣ ጌጣጌጡም ለእሱ ይተላለፍ፤ ነገር ግን ከፍሎረንስ እንዳይወጣ። ምክንያቱንም አስጻፈች፦ ለአገር ጌጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ የውጭ ሰውም መጥቶ እንዲያየው። ዛሬ ኡፊዚ ሙዚየም ያን ሁሉ ሥዕል ይዞ ፍሎረንስ የቆመው በእሷ ውል ነው።

አልማዙ ግን ቪየና ሄደ። በሆፍቡርግ ቤተ መንግሥት ለእይታ ቀረበ፣ ኦስትሪያን የሚገዙት የሀብስቡርጎች ቤተሰብ ጌጥ ሆነ። በ1918 መንግሥታቸው ሲፈርስ ንጉሠ ነገሥት ካርል የቤተሰቡን ጌጣጌጥ ወደ ስዊዘርላንድ አሻገረ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ጠፋ። ተሰረቀ ተባለ፣ ደቡብ አሜሪካ ገባ ተባለ፣ ተቆራርጦ ተሸጠ ተባለ። ሰው ለመቶ ዓመት ያህል ይህን ሲቀባበል ኖረ።

በኖቬምበር 2025 ቤተሰቡ እውነቱን ተናገረ። ድንጋዩ አልጠፋም፤ ካናዳ፣ ኩቤክ፣ የባንክ ካዝና ውስጥ ነበር። የካርል ሚስት እቴጌ ዚታ በ1940 ከናዚዎች ስትሸሽ በሻንጣ ይዛው ሄዳለች። ምስጢሩን የነገረችው ለሁለት ወንዶች ልጆቿ ብቻ ነው። ባሏ በ1922 ነው የሞተው፤ ከዚያ መቶ ዓመት እስኪሞላ ዝም በሉ አለቻቸው። እነሱም ለልጆቻቸው ብቻ ነገሩ።

ታዲያ አሁን የማን ነው? ቤተሰቡ የግል ንብረታችን ነው፣ አንሸጠውም፣ ላስጠለለችን ለካናዳ ሕዝብ እናሳያለን ይላል። የኦስትሪያ መንግሥት በበኩሉ ባለቤትነቱ ይጣራ ብሏል። የ1919 ሕጓ የንጉሣዊውን ቤት ንብረት ለሪፐብሊኩ ወርሶ የግል የሆነውን ትቶላቸው ነበርና፣ ይህ የትኛው ነው ማለቷ ነው። ጣሊያንም አለች። በዚያው ዓመት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ጋር በተፈረመው የሳን ዠርማን የሰላም ውል የቱስካኒ፣ ማለትም የፍሎረንስ ግዛት፣ ጌጣጌጥ ጉዳይ በሕግ አዋቂዎች እንዲታይ ተጽፎ ነበር። ሁሉም የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ፍራንሲስ በ1737 ድንጋዩን የተቀበለው እንደ ገዥ ነው ወይስ እንደ ግለሰብ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያ መሰማት ያለበት የአና ማሪያ ሉዊዛ ቃል ነው። በዚታ አልፈርድም። ስምንት ልጅ ይዛ የምትሰደድ እናት ምን ታድርግ? ዝምታዋ ድንጋዩን አድኖታል። ባለቤትነቱን ግን አላዳነም። የመቶ ዓመት ዝምታ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥርጣሬ ነው የሚያፈራው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን የምላችሁ በራሴም ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አዛውንት የብር የእጅ መስቀል ይዘው መጡ። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ተመልሼ አጫውትሃለሁ አሉኝ። እኔ ቸኩያለሁ፤ ሰዓቱ ደርሷል። «የብር መስቀል፣ 1» ብዬ ጻፍኩ። ስማቸውን እንኳ አልያዝኩም። ተመልሰው አልመጡም። ያ መስቀል የስጦታ ይሁን የአደራ፣ የቤተ ክርስቲያን ይሁን የቤት፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ይቆጨኛል።

ወረቀት ደግሞ የነጣቂው እንኳ ቢሆን ይመሰክራል። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉትን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጡት። የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ይህን የምናውቀው ራሳቸው ስለጻፉት ነው። ዛሬ ይመለስልን ስንል አንዱ መቆሚያችን የእነሱው ጽሑፍ ነው።

በዚያው በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ ዛሬ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ይወጣል። እዚያ የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ ልለምናችሁ። ድንጋዩ ሳይቆረጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ፣ ማን እንደቆፈረው፣ ስንት ግራም እንደሆነ፣ ለማን እንዳለፈ ጻፉ። አንዴ ተቆርጦ ከተወለወለ በኋላ ከየት ጉድጓድ እንደመጣ ዓይን ብቻ አይነግራችሁም።

የቀራችሁትም ቤታችሁን እዩ። የእናታችሁ ሳጥን ውስጥ ድሪ ወይም አልቦ ይኖር ይሆናል። ከማን አገኘሽው፣ መቼ፣ ተሰጥቶሽ ነው ወይስ አደራ ነው ብላችሁ ጠይቋት። ዛሬ ማታ፣ ቡናው ሳይነሳ፣ ደብተር ይዛችሁ።