የምድጃው አያት ቤት ሲለቀቅ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሩሲያዊት ናት። ቤት ልንቀይር ዕቃ ስንሸክፍ አንድ አሮጌ ነጠላ ጫማ ለብቻው አስቀመጠች። «ዶሞቮዩ የሚሄደው በዚህ ነው» አለችኝ። ነገሩ ምንድን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ዶሞቮይ በሩሲያ ገበሬዎች እምነት የቤት ጠባቂ መንፈስ ነው። ከእኛ ውቃቢ ጋር ባያምታቱት ጥሩ ነው፤ ውቃቢ ሰውየውን ይከተላል፣ ዶሞቮይ ግን የቤተሰቡና የምድጃው ነው። መኖሪያውም ከትልቁ የጡብ ምድጃ ኋላ ወይም ከደፉ ሥር ነው። እንደ ቤቱ ሽማግሌ ስለሚታይ በስሙ አይጠሩትም፤ «አያት» ወይም «ጌታው» ይሉታል።

ቤት ሲለቀቅ ካልጠሩት አይከተልም። የድሮው ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ በቤቱ በዕድሜ የገፋችው ሴት አሮጌውን ምድጃ ለመጨረሻ ጊዜ ታነዳለች። ፍሙን ሰብስባ እኩለ ቀን ትጠብቅና በንጹሕ ሸክላ አድርጋ በነጭ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። «አያት፣ ወደ አዲሱ ቤታችን እንኳን ደህና መጡ» ብላ ትወጣለች። አባወራውና እማወራዋ አዲሱ ግቢ በር ላይ ዳቦና ጨው ይዘው ይቀበሏታል። ፍሙን አዲሱ ምድጃ ውስጥ ከመገልበጧ በፊት ጨርቁን በየማዕዘኑ ታራግፋለች፤ መንፈሱ ያንን ይዞ መጥቷልና። ሸክላው ተሰብሮ ሌሊት ከቤቱ የፊት ማዕዘን ሥር ይቀበራል።

ፍም መሸከም ለማይቻልበት ሰው ጫማው ቀረለት። ጥንት ከዛፍ ልጥ የተጠለፈ ላፖት ነበር፤ ዛሬ አፓርታማ ውስጥ ነጠላ ጫማም ይሆናል። ጫማውን መሬት ላይ አስቀምጦ «አያት፣ ከእኛ ጋር እንሂድ» ማለት ነው። አዲሱ ቤት በር ሲከፈት ደግሞ ድመት ትቅደም ይባላል።

ስህተቱ የሚመጣው ሳይጠሩት ሲሄዱ ነው። ባዶ ቤት የቀረው ያለቅሳል ይላሉ። የተከፋ ዶሞቮይ ከብቱን ያስቸግራል፤ ፈረሱ ጠዋት ሥራ ሳይሠራ በላብ ተዘፍቆ ከተገኘ ቁጣው ነው። የወደደውን ፈረስ ግን ጋማውን ይጎነጉንለታል። ስለዚህ ገበሬው ከብት ሲገዛ «ለግቢው የሚስማማ» ቀለም ይመርጥ ነበር። ባለቤትዎ ጫማውን ለብቻው ማስቀመጧ ተገቢ ነው፤ ከሌላው ጫማ ጋር እንዳይሸከፍ ይጠንቀቁላት።

ጥያቄ፦ ሩሲያዊት ጎረቤታችን በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 10 ማታ ምግብ ምድጃ ላይ ትታ ትተኛለች። ለምን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀኑ በአሮጌው የሩሲያ (የጁልየስ) አቆጣጠር ጃንዩወሪ 28፣ በእኛ የካቲት 3 ግድም፣ የሶርያዊው ኤፍሬም በዓል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ውዳሴ ማርያምን የደረሰልን ቅዱስ ኤፍሬም ራሱ ነው፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 15 ታስበዋለች። በገጠር ሩሲያ ያ ቀን «የዶሞቮይ ስም ቀን» ተብሎ ቀረ፤ ቅዱሱና መንፈሱ ከቀኑ በቀር የሚያገናኛቸው የለም።

ምግቡ ካሻ ይባላል፤ ከገንፎ ይልቅ ለቅንጬ ይቀርባል። ከእራት በኋላ አንድ ሳህን ምድጃ ላይ ይተዋል፤ እስከ እኩለ ሌሊት እንዳይበርድ ዙሪያውን ትኩስ ፍም ይከመርበታል። ለአያት የበረደ ምግብ ማቅረብ ንቀት ነው።

ጥያቄ፦ ዕቃ ሲጠፋም ይጠሩታል? (ከዚያው)

መልስ፦ አዎ። ሻሽ በጠረጴዛው እግር ላይ ይታሰርና «ዶሞቮይ፣ ዶሞቮይ፣ ተጫወትና መልስ» ይባላል። እዚህ ላይ ግን በስሙ ይጠራል። ዕቃው ሲገኝ ሻሹ ይፈታል።